መምህረ ዜማ አሸናፊ ከበደና የሀገራችን የሙዚቃ ጥናት

የአንድ ሀገር ሕዝብ ዜማውን ከአባቶቹ በቃል ተቀብሎ፣ በሠርጉና በልቅሶው፣ በእርሻውና በማሕሌቱ እያዜመ ለልጆቹ ማስተላለፉ አንድ ታላቅ ሥራ ነው፤ ያንኑ ዜማ በማስተዋል መርምሮ፣ ሥርዓቱንና ሕጉን ለይቶ፣ በመጽሐፍ አስፍሮ፣ ለሀገሩ ተማሪና ለውጭው ዓለም ሊቃውንት ማስረዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ፊተኛው ሥራ በኢትዮጵያ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ሲሆን፣ ኋለኛው ግን በከፍተኛ ትምህርት መልክ የተጀመረው ገና በሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ ነው። በዚህ በኋለኛው ሥራ ከተሰማሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው፣ ዜማ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ መምህርና ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። እኒህ ሰው የተወለዱት በአዲስ አበባ፣ ያረፉትም በአሜሪካ ሲሆን፣ ታሪካቸውን እዚህ በመቀሌ ሆኖ ለመተረክ የሚያስደፍረው ምክንያት፣ የመሩት ትምህርት ቤት የሚጠራበት ስምና በጥናታቸው የመረመሩት የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ሁለቱም ከትግራይ ምድር የመነጩ መሆናቸው ነው። ስለዚህም ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል።

ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ በአክሱም እንደ ነበረ ትውፊቱ ይነግረናል። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ፣ አንድ ትል ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ እየተነሣ በመጨረሻው ሲሳካለት አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ገድሉ ያወሳል። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትም መጻሕፍተ ዜማ የእርሱ ድርሰቶች ተብለው ይታወቃሉ። ይህም ዜማ ለብዙ ዘመናት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ከኖረ በኋላ፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ከንባቡ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች ሠሩለት። እንግዲህ ኢትዮጵያ ዜማዋን በጽሕፈት ማኖር የጀመረችው የአውሮፓ የሙዚቃ ጽሕፈት ወደ ሀገሯ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው።

ከማሕሌቱ ዜማ ጎን ለጎን የሕዝቡ ዘፈንና የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ኖረዋል። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1889 ሲነግሡ መቀሌን መናገሻቸው አድርገው፣ ዛሬም በከተማው ውስጥ ቆሞ የሚታየውን ቤተ መንግሥት ኢጣልያዊው ጃኮሞ ናሬቲ በሠራላቸው ጊዜ፣ በመላው ሀገር እንደ ተለመደው ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የንግሥና ክብር መግለጫዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የሌለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ አንዱ ነፊ ብቻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በቀር ማውጣት አይችልም። ሦስት ነፊዎች ቁመታቸው የተለያየ እምቢልታ ይዘው ይቆሙና፣ አንዱ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሌላው እየተቀበለው፣ ሦስተኛውም በመካከል እየገባ፣ ከሦስቱ ትንፋሽ አንድ ዜማ ይወለዳል፤ ከሦስቱ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ ግን ዜማው ጎደሎ ይሆናል። የሕዝቡም ወገን ቢታይ፣ በአማርኛ መሰንቆ የምንለውን በትግርኛ ጭራ ዋጣ እያለ ይዞታል፤ በነሐሴ 16 ቀን በአሸንዳ በዓል የመቀሌ ልጃገረዶች የአሸንዳውን ቅጠል በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ እየመቱ፣ አንዲቱ ስታወጣ የቀሩት እየተቀበሉ በየመንደሩ ይዞራሉ። ይህን ሁሉ ሀብት የሚሰማው ሰው ብዙ ሲሆን፣ እንዴት እንደ ተሠራና በምን ሕግ እንደሚሄድ አጥንቶ የሚጽፍለት ግን ገና አልተነሣም ነበር።

በዚህ መካከል የአውሮፓ ሙዚቃ በሌላ በር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው አርባ የአርመን እጓለ ማውታ ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ ለዘውድ በዓሉ የተዘጋጀውንም የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ናልባንዲያን ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ የሙዚቃ ክፍሎች ሲጠናከሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የራሱን ኦርኬስትራ ሲያቋቁም፣ ኖታ የሚያነብ ወጣት እየበዛ ሄደ። ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ሙዚቀኛ ተፈጠረ፤ አንዱ ክራሩንና መሰንቆውን ይዞ ኖታ የማያውቅ፣ ሁለተኛው ኖታውን አውቆ የክራሩን ቅኝት እንደ ትምህርት የማይቆጥር። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አሸናፊ ከበደ በአዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ዘመኑ ሀገሪቱ በኢጣልያ ወረራ ሥር የነበረችበት የመከራ ዘመን ነበር። ከነጻነት በኋላ በተከፈተው የትምህርት ዕድል ከተጠቀሙት ወጣቶች ጋር ተቆጥረው፣ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት የኮዳክ የፎቶግራፍ ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ያቋቋመው፣ በዚያን ጊዜም ዜማ ደራሲው ሃዋርድ ሃንሰን የሚመራው ስመ ጥር ተቋም ሲሆን፣ አሸናፊ በዚሁ ሙዚቃን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1962 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። በተመረቁ ጊዜ እጃቸው የአውሮፓን የሙዚቃ ጽሕፈትና የኦርኬስትራን አገባብ የለመደ ሲሆን፣ ልባቸው ግን ይህን ዕውቀት በሀገራቸው ዜማ ላይ ለማዋል የተዘጋጀ ነበር።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ያገኟት አዲስ አበባ በጥበባት በኩል ብዙ ነገር የሚፈልቅባት ከተማ ነበረች። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ግብጻዊው ዜማ ደራሲና የሙዚቃ ተመራማሪ ሃሊም ኤል ዳብህ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ጓድ መሠረተ፤ ይህንንም ጓድ በኋላ ተስፋዬ ለማ ተረክበው ለብዙ ዓመታት መሩት። አሸናፊ ደግሞ በዚያው ዓመት ሌላውን ሸክም ተሸከሙ፤ ይኸውም በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማቋቋምና በመጀመሪያ ዲሬክተርነት መምራት ነበር። ይህንንም ሥራ እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ አገለገሉ።

የሙዚቃ ትምህርት ቤት መክፈት ማለት መምህር መቅጠርና መሣሪያ መግዛት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው የሥራውን ክብደት አልተረዳውም። እስከዚያ ዘመን ድረስ ዘፋኝነት በብዙ ቤት ዘንድ እንደ ውርደት ይቆጠር፣ አዝማሪ የሚለውም ቃል ለስድብ ይውል ስለ ነበር፣ ልጁን ክራር ለመማር ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በሊቁ በያሬድ ስም መጠራቱ ለዚህ ሙያ ከቤተ ክርስቲያን ክብር ተካፋይነትን ሰጠው፤ ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የትምህርት ዓይነት ሆነው መቆማቸውም፣ ቀደም ብሎ የተነገረውን የሁለቱን ዓይነት ሙዚቀኞች መለያየት ማስታረቅ ጀመረ። ከዚህ ትምህርት ቤት በኋለኛው ዘመን የወጡት ፍሬዎች ዛሬ በዓለም መድረክ ይታያሉ፤ ከያሬድ ተነሥተው በቡልጋርያ በሶፍያ የተማሩትና የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ የሚያሰሙት ግርማ ይፍራሸዋ ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

አሸናፊ በዲሬክተርነታቸው ዘመን ብዕራቸውን አላስቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ የጻፉትን ልብ ወለድ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ክራር የጻፉትን ጥናት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት አወጡ፤ በዚያውም ዓመት «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለው የኦርኬስትራ ድርሰታቸው በሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ በራሳቸው መሪነት ተሰማ። ሃንጋሪ ለዚህ ጉዳይ ተራ ሀገር አልነበረችም፤ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን በመቅረጽና በመጻፍ፣ ከዚያም በተገኘው ሀብት ታላላቅ ድርሰቶችን በመድረስ፣ ተመራማሪነትና ደራሲነት በአንድ ሰው ሊገናኙ እንደሚችሉ ለዓለም ያሳዩባት ሀገር ናት። ኮዳይ በዚያው በ1967 ዓመት ሲያርፍ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በሀገሩ እረኛ ዋሽንት ስም የተሰየመ ድርሰት ይዞ በዚያች ሀገር ኦርኬስትራ ፊት መቆሙ፣ ሃንጋሪዎች አሸናፊን ከኮዳይ ጋር እንዲያነጻጽሯቸው ምክንያት ሆነ። አሸናፊም በቀረው ዘመናቸው ሁሉ የያዙት መንገድ ይኸው ነበር፤ ዜማውን መርምሮ መጻፍና ከተመረመረው ዜማ አዲስ ድርሰት ማውጣት።

ነገር ግን ምርምሩ የራሱ ትምህርት ያስፈልገው ነበር። ኢትኖሙዚኮሎጂ፣ ማለትም የሕዝቦችን ሙዚቃ ከኑሯቸው፣ ከእምነታቸውና ከቋንቋቸው ጋር አያይዞ የሚመረምረው ጥናት፣ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር፤ ስሙን ሆላንዳዊው ያፕ ኩንስት ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ የአሜሪካው ማኅበር የተቋቋመው በ1955 ነበር። ከዚህ ትምህርት ዋና ማእከሎች አንዱ በኮኔክቲከት፣ በሚድልታውን ከተማ የሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በዚያም የናቫሆ ሕንዶችን ሙዚቃ ያጠናው ዴቪድ ማክአለስተር ያስተምር ነበር። አሸናፊ ዲሬክተርነታቸውን ትተው ወደዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1971ም ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ስለ ባህላዊ መሠረቱ በጻፉት መመረቂያ ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሹመቱን ትቶ እንደገና ደብተር ይዞ ተማሪ መሆኑ፣ ከማዕረጉ ይልቅ ለጥናቱ ያላቸውን ፍቅር ያስረዳል።

ከዚህ በኋላ በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የኢትዮጵያ አብዮት ሲፈነዳና የሀገሪቱ መልክ ሲለወጥ እርሳቸው በውጭ ነበሩ፤ የማስተማር ሕይወታቸውም ከዚያ ወዲያ በአሜሪካ ቀጠለ። በዚያው ዓመት የጃፓኑን ኮቶ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር ያጣመረ «ኮቱራሲያ» የተባለ ድርሰት ደረሱ፤ ይህም ጆሯቸው በአንድ ወገን ሙዚቃ ብቻ ያልታሰረ መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1976 «ዘመናዊ ሙዚቃ» በሚል ርእስ በዓለማዊው የኢትዮጵያ ዘፈን ላይ የመጣውን አዲስ አዝማሚያ መረመሩ፤ በ1977 ስለ ክራር የጻፉት ሰፊ ጥናት ኢትኖሙዚኮሎጂ በተባለው የማኅበሩ መጽሔት ወጣ፤ በ1980 ደግሞ የቤተ እስራኤልንና የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችን ቅዱስ ዜማ ጎን ለጎን አድርገው ጻፉ።

ከእነዚህ ሁለቱን ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። የክራሩ ጥናት የዲያብሎስን ስም በርእሱ ውስጥ ያነሣል፤ ምክንያቱም ሕዝባችን በገናን የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ አድርጎ ለጸሎትና ለምስጋና ሲለይ፣ ክራርን ግን ለፍቅር ዘፈንና ለመጠጥ ቤት ሰጥቶ የሰይጣን መሣሪያ ይለው ነበርና። ሁለቱ መሣሪያዎች በአሠራራቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከድምፅ ሣጥናቸው ተነሥተው ወደ ላይ የወጡ ሁለት ክንዶችና በላያቸው የተጋደመ ቀንበር አላቸው፤ አውታሮቹም ከሣጥኑ ወደ ቀንበሩ ይወጠራሉ። በገናው አሥር አውታር ያለው ታላቅ መሣሪያ ሲሆን፣ ክራሩ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው፣ ሣጥኑ እንደ ገበቴ ጎድጎድ ብሎ ቆዳ የለበሰ ነው። ተጫዋቹ አውታሮቹን እንደ ፈለገው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛቸዋል። አሸናፊ መሣሪያውን ከሠሪው እጅና ከተጫዋቹ ጣት ጀምረው መርምረው፣ ማኅበረሰቡ ስለ እርሱ ካለው እምነት ጋር አገናኙት፤ በዚህም አንድ የእንጨትና የጅማት ዕቃ እንዴት የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ትርጉም እንደሚሸከም አሳዩ።

የቅዱሱ ዜማ ጥናት ደግሞ ወደ ያሬድ ሀገር ይመልሰናል። በመቀሌ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ሲቆም፣ ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉን እየነቀነቁ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ የሚሰማው ዜማ፣ በአውሮፓ ኖታ ለመጻፍ የሚሞክረውን ሁሉ የሚያስቸግር ነው። የአውሮፓ ኖታ ዜማውን ለማያውቀው ሰው ድምፁን ከነቁመቱ ይነግረዋል፤ የድጓው ምልክት ግን አስቀድሞ ዜማውን በመምህሩ እግር ሥር ለተማረው ደቀ መዝሙር የሚያስታውስ እንጂ ለእንግዳ ሰው የሚያስተምር አይደለም። ስለዚህ ይህን ዜማ ለመረዳት መጽሐፉን ማንበብ አይበቃም፤ ከአፈ መምህር መስማት ያስፈልጋል። ኖታውንና የሰው አፍን አንድ ላይ የሚያዳምጥ፣ የደራሲ ጆሮና የተመራማሪ ትዕግሥት ያለው ሰው የሚፈለገው በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ነው፤ አሸናፊም ሁለቱን ይዘው ገቡበት።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በታላሃሲ ከተማ የኢትኖሙዚኮሎጂ ፕሮፌሰርና የአፍሪቃ አሜሪካውያን ባህል ማእከል ዲሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1982ም ስለ ጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥረ መሠረት የጻፉት መጽሐፍ ታተመ፤ በዚህም የአፍሪቃን ድምፅ፣ መሣሪያና ጭፈራ ከአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ጋር በአንድ የዘር ሐረግ አያይዘው አስረዱ። በዚያን ዘመን ከአፍሪቃ ወገን እንዲህ ያለውን ሥራ የሠሩ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ፤ የጋናው ክዋቤና ንኬቲያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አፍሪቃ ሙዚቃ የጻፉት መጽሐፍ በየዩኒቨርሲቲው የትምህርት መጽሐፍ ሆኗል፤ የናይጄሪያው አኪን ኢዩባም ፒያኖን በአፍሪቃ ምት የሚያናግር የድርሰት መንገድ ቀይሰዋል። ሁለቱም እንደ አሸናፊ ደራሲዎችም ተመራማሪዎችም ነበሩ። አሸናፊ በዚህ ጉባኤ የኢትዮጵያን ድምፅ ይዘው ገብተው፣ ሀገራቸው ለብቻዋ የቆመች ደሴት ሳትሆን ከአፍሪቃ የዜማ ቤተሰብ አንዷ መሆንዋን መሰከሩ።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1990 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው በታላሃሲ አረፉ። የመሩት የያሬድ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ያስተምራል። በጥናቱም በኩል ተከታዮች አልጠፉም፤ በጀርመን የተማሩት ዶክተር ትምክህት ተፈራ የአማራን የሠርግ ሙዚቃ፣ የያሬድ ትምህርት ቤት መምህርና ዜማ ደራሲው ዕዝራ አባተም የኢትዮጵያን ቅኝቶች መርምረዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ታሪክ አንድ ጸጸት ያዘለ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የጻፉት አብዛኛው ሥራ የታተመው በእንግሊዝኛና በባሕር ማዶ መጽሔቶች ስለ ሆነ፣ ዜማው የሚመለከተው ዘፋኝ፣ ደብተራና እምቢልታ ነፊ ሊያነበው አልቻለም።

ይህ ጸጸት በተለይ በመቀሌ ላለን ሰዎች የሥራ ጥሪ ሊሆን ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የተካሄደው ጦርነት በሰውና በቅርስ ላይ ያደረሰው ጥፋት፣ በሰው አፍ ብቻ የሚኖር ዕውቀት ባለቤቱ ሲሞት አብሮ እንደሚቀበር አስተምሮናል። ሦስቱ እምቢልታ ነፊዎች በሕይወት ሳሉ የእያንዳንዱ ድርሻ በየብቻው ተቀርጾ ቢጻፍ፣ የአሸንዳው ዘፈን ከየወረዳው ልዩነቱ ጋር ቢሰበሰብ፣ የማሕሌቱ መምህራን የሚሰጡት ትምህርት ከነማብራሪያው ቢመዘገብ፣ ይህ ሥራ ከዜማው ባለቤቶች በላይ የሚጠቅመው የለም። ለዚህም የሚያስፈልገው ሰው አሸናፊ በሕይወታቸው ያሳዩት ዓይነት ነው፤ ኖታውን የሚያውቅ፣ ቅኝቱን የሚያከብር፣ የሰበሰበውን ለራሱ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚጽፍ፣ ከዚያም ከዚያ ሀብት አዲስ ድርሰት የሚያወጣ። እርሳቸው ሥራውን ከአዲስ አበባ ጀምረው በባሕር ማዶ ፈጸሙት፤ የያሬድ ሀገር ልጆች ግን ዜማው በሚዘመርበት በዚሁ ምድር ሊሠሩት ይችላሉ፤ መሣሪያውም፣ መምህራኑም እዚሁ ይገኛሉና።